ከቀርከሃ እስከ ብረት መስተዋት

በእኛ በሚዛን ተፈሪ ሰዎች አጥንቱ ስለተሰበረ ዘመድ ወይም ጎረቤት ሲጨዋወቱ ደጋግሞ የሚሰማ አነጋገር አለ፤ «ብረት ገብቶለታል» ይላሉ። ልብ በሉ፤ «ገብቶበታል» አይሉም፤ «ገብቶለታል» ነው የሚሉት። በእነዚህ በሁለቱ ፊደላት፣ በ«በ» እና በ«ለ» መካከል፣ አንድ ሙሉ የታሪክ ዘመን ያለ ይመስለኛል። በአያቶቻችን ዘመን ብረት ወደ ሰው ገላ የሚገባው ጦር ሆኖ፣ ጎራዴ ሆኖ፣ ኋላም ጥይት ሆኖ ነበር፤ በሰውየው ላይ እንጂ ለሰውየው አልነበረም። ታዲያ ብረት በምን መንገድ ሄዶ፣ ስንት ጊዜ ወድቆ ተነሥቶ ነው ከ«በ» ወደ «ለ» የተሻገረው? የዛሬው ጽሑፌ ይህን ጉዞ ይከተላል። የጉዞው የቅርብ ምዕራፍ ብረትም መስተዋትም የሆነ፣ ሳይንቲስቶች ዛሬ በቤተ ሙከራ የሚደክሙበት አንድ እንግዳ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1896፣ ከዓድዋ ድል በኋላ፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል የሐኪሞች ቡድን ቁስለኞችን ሊያክም ወደ አገራችን መጣ። ሥራቸውም በ1910 ለተመሠረተው ለዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መንገድ ጠርጓል። የዚያ ዘመን ሐኪም ከብረት ጋር የነበረው ጉዳይ ባብዛኛው ብረትን ከገላ ማውጣት ነበር፤ ወደ ገላ ማስገባት ለአገራችን ገና ሩቅ ነበር። የተሰበረ አጥንት ግን ሐኪም እስኪመጣ አይጠብቅም። ያን አጥንት የሚያየው ወጌሻ ነበር።

የእኛ ምድር የደን ምድር ነው። ከሚዛን ወደ ቴፒ፣ ከቴፒ ወደ ማሻ ስንጓዝ ከቡናው ጥላ በላይ ሰማይ የሚነኩ ዛፎች ይታያሉ፤ በቅርንጫፎቻቸው ላይ የተሰቀሉት ደግሞ ቀፎዎች ናቸው። ማር ቆራጩ በገመድ ተንጠላጥሎ ወደዚያ ይወጣል። ማሩ ጣፋጭ ነው፤ ከዚያ ከፍታ መውደቅ ግን የጭን አጥንትን ይሰብራል። ዛሬ ደግሞ ሞተር ብስክሌቱና የክረምቱ ጭቃ ተጨምረውበታል። በሸካ ደጋ፣ በማሻ ዙሪያ በብዛት የሚበቅለው ቀርከሃ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። ወጌሻው አጥንቱን በጣቱ ዳብሶ፣ ስቦና አስተካክሎ፣ የተሰነጠቀ ቀርከሃ በዙሪያው ደርድሮ በጨርቅ ያስረዋል። አባት ለልጅ ያስተላለፈው ጥበብ ነው፤ ብዙ ሰውም በእርሱ ድኖ ተራምዷል።

ነገር ግን እውነቱን ሁሉ እንናገር። ማሰሪያው ሲጠብቅ ደም መዘዋወሩን ያቆማል፤ ደም ያልደረሰው እግር ይጠቁራል፤ የጠቆረው እግር ይቆረጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ፣ በአንድ የአገራችን ገጠር ሆስፒታል የተሠራ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ያ ጥናት የሚያስተምረን ሌላም ነገር አለ፤ ወጌሾቹን ሰብስበው አጭር ሥልጠና ሲሰጧቸው የሚቆረጠው እጅና እግር ቀነሰ። እንግዲህ ጥፋቱ የቀርከሃው አልነበረም፤ የቋጠሮው ነበር። ቀርከሃውን ለጊዜው እዚሁ እናቆየው፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

በአውሮፓ ብረት ከውጭ መደገፉ አልበቃ ብሎ ወደ ውስጥ የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1877 የተሰበረ የጉልበት ሎሚ በብር ሽቦ ሰፋ። በ1895 ሮንትገን ራጅን አገኘና ሐኪም ሥጋን ሳይቀድ አጥንትን ማየት ቻለ። ከዚያ በኋላ አጥንትን በብረት ዝርግና በብሎን ማያያዝ ተስፋፋ። ብረቱ ግን ዛገ። የሰው ገላ ለብረት ክፉ ቤት ነው፤ ጨዋማ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ሌሊትና ቀን እርጥብ ነው። በኮረብታ ላይ ሃምሳ ዓመት የሚቆም ቆርቆሮ እዚያ ውስጥ ብዙ አይቆይም።

በ1939 ጌርሃርድ ኩንቸር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በኪል ከተማ አንድ ድፍረት የተሞላበት ሥራ ሠራ። በተሰበረ የጭን አጥንት ባዶ ቦይ ውስጥ፣ መቅኒው በሚገኝበት መካከል፣ ረጅም የብረት ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስገባ። ወራት በአልጋ ላይ ይተኛ የነበረ ሰው ብዙም ሳይቆይ መነሣት ቻለ። ጦርነቱ ሲያበቃ ከምርኮ የተመለሱ ወታደሮችን የመረመሩ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሐኪሞች በራጅ ላይ ያንን ዘንግ አይተው መደነቃቸው ይነገራል። እነሆ ያ ዘመን በአንድ ወገን ጥይት፣ በሌላ ወገን ዘንግ አድርጎ ብረትን በአንድ ጊዜ ወደ ሰው ገላ ላከው። «በ» እና «ለ» በአንድ ጦርነት ተገናኙ።

ከዚያም ቲታኒየም መጣ። ይህን ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1791 በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል አሸዋ ውስጥ ያገኘው ዊሊያም ግሬጎር የተባለ ቄስ ነው። ስሙን በ1795 ያወጣለት ጀርመናዊው ማርቲን ክላፕሮት ሲሆን፣ ከግሪክ ተረት ከሰማይና ከምድር የተወለዱትን ግዙፋን፣ ቲታኖችን አስቦ ነው። ቲታኒየም በምድር ቅርፊት ውስጥ በብዛቱ ዘጠነኛ ነው፤ የሚያስቸግረው ከኦክስጅን መለየቱ ነው። ዊሊያም ክሮል የተባለ የሉክሰምበርግ ሰው በ1940 የሚያዋጣ የማንጠሪያ ዘዴ እስኪያስመዘግብ ድረስ ግዙፉ በአፈር ውስጥ ታስሮ ቆየ።

ወደ አጥንት የገባው ደግሞ በአጋጣሚ ነው። በ1952 ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ የደም ዝውውርን ለማጥናት በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ከቲታኒየም የተሠራ መመልከቻ አስገባ። ጥናቱ አልቆ መሣሪያውን ሊያወጣ ሲሞክር እምቢ አለው። አጥንቱ ቲታኒየሙን እንደ ራሱ ወገን ተቀብሎ አቅፎታል። ምክንያቱ ቲታኒየም አየር እንደነካው በዓይን የማይታይ ስስ የኦክሳይድ ልብስ መልበሱ ነው፤ ያ ልብስ ከዝገት ይጠብቀዋል፣ ለአጥንት ሕዋሳትም የሚመች ወለል ይሆናል። በ1965 ብሮኔማርክ የመጀመሪያውን ሰው በዚሁ ዘዴ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር ተከለለት፤ ሰውየውም ከ40 ዓመት በላይ ተገለገለበት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን አጥንት ሕያው ነው። ሸክም ሲበዛበት ይወፍራል፤ ሸክም ሲያጣ ይሳሳል። እጅግ ግትር የሆነ ብረት አጠገቡ ሲቆም ሸክሙን ሁሉ ይቀማዋል፤ አጥንቱም ሥራ ፈትቶ ከዓመት ወደ ዓመት ይመነምናል። ልጁን ከማናቸውም ድካም የሚከላከል፣ በመጨረሻም እግሩ የማይጸና ጎልማሳ የሚያሳድግ አባት አይታችሁ አታውቁምን? ያ ብረት እንደዚያ አባት ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። መሐንዲሶች ግትርነትን በጊጋ ፓስካል ይለካሉ። የማይዝገው ብረት 200 ገደማ ነው። በሕክምና የተለመደው የቲታኒየም ቅይጥ 110 ገደማ ነው። የእኛ ጠንካራው አጥንት ግን ከ10 እስከ 30 ባለው መካከል ነው። ቀርከሃስ? ከ10 እስከ 20 ገደማ! ይህን ሳነብ ያቆየነው ቀርከሃ ትዝ አለኝ። ወጌሻው ጊጋ ፓስካል አልቆጠረም፤ ከውጭ የሚታሰር ድጋፍና ከውስጥ የሚገባ ብረት ሥራቸው አንድ አለመሆኑንም አውቃለሁ። ነገር ግን በደኑ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ እጁ የመረጠው የአጥንትን ያህል የሚታጠፈውን ነበር። የዘመኑ ሳይንስ ከመቶ ዓመት የብረት ጉዞ በኋላ የሚፈልገውም ይህንኑ ጸባይ ነው፤ አጥንትን ከመርታት ይልቅ አጥንትን መምሰል።

የብረት መስተዋት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በማንኛውም ተራ ብረት ውስጥ አተሞች እንደ ሰልፈኛ ወታደር በረድፍ በረድፍ ይቆማሉ። ብረት ሲቀልጥ ሰልፉ ይፈርሳል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እያንዳንዱ ቦታውን ይፈልጋል። ቦታ ለመፈለግ ግን ጊዜ ያስፈልጋል። ጊዜ ብንነፍጋቸውስ? እ.ኤ.አ. በ1960 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ፖል ዱዌዝና ባልደረቦቹ የቀለጠ የወርቅና የሲሊኮን ቅይጥ በሰከንድ ሚሊዮን ዲግሪ በሚደርስ ፍጥነት አቀዘቀዙ። አተሞቹ ሰልፍ ሳይይዙ ባሉበት ደረቁ። በገበያ ቀን የሚዛንን ሕዝብ አስቡት፤ ቅርጫት የያዘው፣ በቅሎ የሚጎትተው፣ ዋጋ የሚከራከረው፣ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ባለበት ቢቆም፣ የብረት መስተዋት ውስጡ እንደዚያ ነው። መስተዋት ማለታችን ብርሃን ስለሚያሳልፍ አይደለም፤ አያሳልፍምና። ሥርዓቱ የመስተዋት ሥርዓት፣ ማለትም ሰልፍ የለሽ ስለሆነ ነው።

ይህ ለእኛ አገር ሰው ፈጽሞ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። ባልጩት የምንለው ጥቁር የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ምንድን ነው? ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅላጭ ረድፍ ለመያዝ ጊዜ ሳያገኝ ቀዝቅዞ የተፈጠረ የተፈጥሮ መስተዋት ነው። ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ በገደሞታ፣ ሰዎች ከ280,000 ዓመታት ገደማ በፊት ከዚሁ ባልጩት የጦር ጫፍ ይሠሩ እንደነበር ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። በአዋሽ ዳር በመልካ ቁንጥሬም የባልጩት መሣሪያ ሞልቷል። በደቡብ አንዳንድ ሥፍራዎች ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በባልጩት ይሠሩ ነበር። እንግዲህ መስተዋትም እንደ ብረት ወደ ገላ መጀመሪያ የገባው ሊወጋ ነበር።

የዱዌዝ መስተዋት ስስ ቅርፊት ብቻ ነበር። በኋላ በጃፓን አኪሂሳ ኢኖዌ፣ በአሜሪካ ዊሊያም ጆንሰን ከየባልደረቦቻቸው ጋር ብዙ ዓይነት ንጥረ ነገር በማቀላቀል ቀስ ብለው ቢያቀዘቅዙትም ሰልፍ የማይዝ ወፍራም ቅይጥ አገኙ። ዘዴው ብልህ ነው፤ ትልቅና ትንሽ አተሞችን ብታጨናንቅ ማንም ቦታውን አያገኝም። ዳሩ ግን ከቀደሙት ቅይጦች አንዳንዶቹ ቤሪሊየም ወይም ኒኬል ነበረባቸው፤ የመጀመሪያው መርዘኛ ነው፣ ሁለተኛውም ብዙ ሰዎችን ያሳክካል። እ.ኤ.አ. በ2007 የኢኖዌ ወገን ከሁለቱም የጸዳ፣ ከቲታኒየም፣ ከዚርኮኒየም፣ ከመዳብና ከፓላዲየም የተቀመመ መስተዋት ይዞ ብቅ አለ።

ይህ ቅይጥ ከተለመደው የቲታኒየም ቅይጥ ግትርነቱ በመጠኑ ያንሳል፤ ጥንካሬው ግን እጥፍ ያህል ይደርሳል። ሳይሰበርና ሳይጣመም ተለጥጦ ወደ ቦታው የሚመለስበት መጠን 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህም ከተራ ብረት እጅግ የበለጠ ነው። ዝገት የሚጀምርባቸው የሰልፍ ድንበሮች በውስጡ ስለሌሉ ዝገትን አጥብቆ ይቋቋማል። ሲሞቅ ደግሞ ድንገት አይቀልጥም፤ ቀፎ ውስጥ እንዳለ ማር ቀስ በቀስ ይለሰልሳል፣ እንደ ወደዱትም ይቀረጻል። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» የሚለው ተረታችን ይህን ብረት ቢያይ ምንኛ ደስ ባለው!

ደስታው ግን ልክ ይኑረው። ይህ ቅይጥ እንደ መስተዋት የሚጠነክረው ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር እስከሆነ ድረስ ነው፤ ለጭን አጥንት የሚሆን ረጅም ዘንግ ከእርሱ ማውጣት ከባድ ነው። ከልክ በላይ ሲገደድ እንደ ብርጭቆ ድንገት ይሰበራል። መዳቡ ቢሟሟ ሕዋሳትን ሊጎዳ ይችላል፤ ፓላዲየሙ እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ ዛሬም በአብዛኛው የቤተ ሙከራ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ፤ አንድ የሚያሳዝን የታሪክ ገጽም እንግለጥ። ከእኛ ወደ ደቡብ፣ ከማጂ ማዶ፣ ከኦሞ ወንዝ በስተ ምሥራቅ የሚኖሩት ዲሜዎች ብረትን ከድንጋይ አቅልጠው በማውጣት የታወቁ ነበሩ። በከፋም በሌላውም አገር ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን የሚያበጀው ባለ እጅ ነበር። ዋጋው ግን ምን ነበር? «ቡዳ»፣ «ጠይብ» እየተባለ መሰደብ፣ ከጋብቻና ከማዕድ መገለል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1908 ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ንጉሠ ነገሥት በአዋጅ የሚከለክለው ስድብ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር አስቡት። እሳትና ብረትን የሚያውቀው እጅ ሲናቅ፣ ያ እውቀት ከመንደር ወጥቶ ትምህርት ቤት ሳይደርስ ቀረ። ዛሬ ለአጥንታችን የሚሆነውን ብረት ከባሕር ማዶ ስንጠብቅ ያ ንቀት ከምክንያቶቹ አንዱ ይመስለኛል።

አፈሩማ ሞልቶናል። የሰሜን ኢትዮጵያን አምባ የገነባው፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የፈሰሰው የገሞራ ድንጋይ ከፊሉ ቲታኒየም የበዛበት ነው። በምዕራብ ወለጋ፣ ጊምቢ አጠገብ በቢቂላል ብረት፣ ፎስፌትና ቲታኒየም በአንድነት የያዘ ዐለት ይገኛል። ቡናችን የበቀለበት ቀይ አፈርም ከዚህ ግዙፍ ጥቂት ያልያዘ አይደለም። የጎደለው ግዙፉን ከአፈር የሚፈታው ምድጃ፣ መብራትና የሠለጠነ እጅ ነው።

እስከዚያው ሰው እንዴት ይራመዳል? እ.ኤ.አ. በ1999 ሉዊስ ዘርክል የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም «ሳይን» የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ። የሠሩት ዘንግ ከኩንቸር ዘንግ የተወለደ፣ ከማይዝግ ብረት የተበጀ ነው። ልዩነቱ ቀዶ ሐኪሙ በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ውድ የሆነ የራጅ ማያ ሳያስፈልገው የብሎኖቹን ቀዳዳ ፈልጎ ማግኘት መቻሉ ነው፤ ከውጭ የሚገጠም መለኪያ ይመራዋልና። ይህ ዘንግ በአገራችን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና በሌሎችም ሆስፒታሎች ብዙዎችን አቁሟል። በግትርነቱ ከቲታኒየም ይብሳል፤ ከብረት መስተዋት ጋር ስናስተያየውማ የትናንት ነገር ነው። ነገር ግን ደርሷል! እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የተማርኩት ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ አጥንትን የሚያድነው ከሁሉ የጠነከረው ብረት አይደለም፤ አጥንትን የመሰለውና ወደ አጥንቱ የቀረበው ነው።

መቅረብ ስል በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የሳይንቲስቶቹ መቅረብ ነው፤ ከ200 ወደ 110፣ ከ110 ወደ አጥንቱ ልክ። ሁለተኛው የመንገድ መቅረብ ነው። ከሚዛን እስከ ጅማ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እስከ አዲስ አበባ ከ500 በላይ። የተሰበረ ጭን ይዞ ይህን መንገድ መጓዝ ምን ማለት እንደሆነ የተጓዘ ይናገረው። እኔ በባንክ መስኮት ተቀምጬ የምሠራ ሰው ነኝና የሚታየኝ የመንገዱ መጀመሪያ ብቻ ነው፤ በቡና ወቅት ጥቂት በጥቂት ያስቀመጡትን ብር በአንድ ቀን የሚያወጡ እናቶችና አባቶች፣ «ለምን ይሆን?» ሲባሉ «ለአጥንት ነው» የሚሉ። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በደጃችን ከተከፈተ ወዲህ ሐኪምና የሳይንስ ተማሪ በመካከላችን አለ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከእነዚያ ተማሪዎች አንዷ አንድ ቀን የቀርከሃን፣ የባልጩትንና የቀይ አፈርን ምሥጢር በአንድ ምድጃ ታገናኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን ወጌሻውን ከደጅ እንዳታቆመው አደራ እላለሁ፤ እርሱ አጥንትን በጣቱ ያውቃልና፣ ቋጠሮ ማላላትን ከእርስዋ፣ መዳበስን ከእርሱ ይማማሩ።

ጽሑፌን በአራት ስንኞች ልቋጭ፤

ብረት ሆይ ስትመጣ ወደ ወገኔ ቤት፣
ጌትነትህን ተው፣ ልመድ ጉርብትና፤
አጥንት ብቻ አይደለም የተሰበረበት፣
መንገዱም አብሮ ነው የሚሻ ጥገና።

ቸር ይግጠመን።